የዕቃ ቤቱ በር

እታለም ልጇ ዕቃ ቤት ከተቆለፈባት ቀን ወዲህ ራሷን ቅቤ አልነካውም። "የቆለፈባትን ሳላውቅ፣ አውቄም ሳላሳየው ቅቤ ብቀባ ከሰው አልቆጠር" ብላ ምላለች። ጎረቤቶቿ "ተይ እታለም፣ ለእግዜር ስጪው" አሏት። ሰጥታው ነበር። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቆማ፣ ሰው ሁሉ "ማረን" ሲል እሷ "እሱን እንዳትምረው" ትላለች። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት እንደሚባል አጥታው አይደለም። ግን እግዜር ሰምቶ ዝም ሲላት ጊዜ ሥራውን ራሷ ልታግዘው ቆረጠች።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካሉት የወሎ ሰፋሪዎች መንደሮች በአንዱ፣ በአምባ ዘጠኝ፣ እታለም ከአንዲት ልጇ ከፍሬሕይወት ጋር ትኖራለች። ፍሬሕይወት ልብስ ሰፊ ናት። በአምባው የእሷ መቀስ ያልነካው የሙሽራ ቀሚስ የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማት ጀመር፤ ጨርቁን መቁረጥ ትታ መቅደድ አመጣች። ጸበል ተወሰደች፣ ሼኽ ዘንድም ተወሰደች፤ የወሎ ሰው በዚህ አይጨነቅም። በመጨረሻ ቀርከሃ ሰፈር ጤና ጣቢያ በየማክሰኞው የአእምሮ ሕክምና እንደሚሰጥ ተሰማ። በየወሩ የሚወጋ መርፌ ተጀመረላት፣ መርፌውም ሠራ። ድምፆቹ ራቁ፣ ልጅቷ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። እታለም ያኔ የጤና ጣቢያውን አጥር ሳይቀር ትመርቅ ነበር።

ከዚያ መርፌው "አልቋል" ተባለ። በወሩ ሲመለሱም "አልቋል"። በሐምሌ አንድ ማክሰኞ፣ ፍሬሕይወት ቀልቧ ተበትኖ፣ ከማይታይ ሰው ጋር ጮክ ብላ እየተሟገተች ግቢው ደረሱ። የክፍሉ ኃላፊ ስለሺ ወረቀት ጽፎ ሰጣት። "ከከተማ ፋርማሲ ገዝተው ይምጡ፣ እትዬ። ታካሚዋ እዚሁ ትቆይ" አለ። ልቧ እምቢ እያላት ሄደች። እንኳን ያን ቀን፣ በደህናውም ቀን የስለሺ ደንብ አስታማሚ ከበር መልስ የሚል ነበር፤ ታካሚ ብቻውን ይገባል፣ ያመጣው ሰው ውጭ ዝናብም ፀሐይም ይቀበላል።

መርፌውን በጉያዋ ይዛ ስትመለስ ልጅቷ የለችም። ስለሺም ከእንግዶች ጋር ወጥቷል ተባለ። ካርድ ክፍል ጠየቀች፤ አላየንም። መርፌ የሚወጉትን ጠየቀች፤ አላየንም። ዘበኛው ዐብዱልቃድር መሬት መሬቱን እያየ፣ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛው "እኔ አላየም፣ እናቴ። አንተ አታልቅስ" አላት። ሮጣ ገበያ ገባች፤ ከገበያ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ የባምባሲን መንገድ ይዛ ዝናብ እየደበደባት ሄደች። ያገኘችውን ሰው ሁሉ "ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ልጅ አላያችሁም?" ትላለች።

አመሻሽ ላይ ደክሟት ወደ ጤና ጣቢያው ስትመለስ ኸድራ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ኸድራ ከመንጌ የምትመጣ የበርታ ሴት ናት፤ ወንድሟን ሙንታሲርን የምታስታምም። ሁለቱ በማክሰኞ ሰልፍ ተዋውቀው እንደ እኅት ሆነዋል። "እታለም፣ ና። ጓሮ በር ይመታል። ቀስ ብሎ ይመታል" አለቻት። ሮጡ። ከዕቃ ቤቱ የላሜራ በር ኋላ አንድ ነገር እንደ ድመት ይቧጭራል። ቁልፍ ሲፈለግ ታጣ። ዐብዱልቃድር ማንም ሳያዘው ድንጋይ አንሥቶ ጓጉንቸሩን ሰበረ።

ውስጡ የተሰባበረ አልጋና የሻገተ ፍራሽ ነው። መስኮት የለውም። ፍሬሕይወት ጥግ ላይ ተኮራምታ፣ ጥፍሮቿ ደምተው፣ ቀሚሷ በሽንት ርሶ ተገኘች። እታለም ልታቅፋት ስትዘረጋ ልጅቷ ወደ ግድግዳው ሸሸች። "አንቺ ነሽ ያስቆለፍሽኝ" አለቻት። "ሰልችቼሽ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ለእናቷ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ከእናቷ እጅ ምግብ አትቀበልም፣ ውሃ አትቀበልም፤ ራሷ ቀድታ ራሷ ትጠጣለች። ወደ ጤና ጣቢያውም እግሯን አላነሳ አለች። መድኃኒት የምትውጠው ኸድራ ከወንድሟ መድኃኒት እየቀነሰች በሰው በሰው የምትልክላትን እንክብል ብቻ ነው፤ ያም ሊያልቅ ነው። ካለቀ ምን እንደሚመጣ እታለም ታውቃለች። ባለፈው ጊዜ ልጇን ከወንዝ ዳር ነው ያመጣቻት። እንግዲህ በቀሉ እንዲሁ የበቀል አምሮት አልነበረም። የቆለፈው ሰው በልጇ ጆሮ ካልተጠራ፣ በልጇ ዓይን አስቆላፊዋ እሷ ሆና ትቀራለች፤ ልጅቷም ሳትታከም ትጠፋለች።

ስለሺ ዘንድ ተመላልሳለች። ስለሺ ክፉ ፊት የለውም፤ ይበልጥ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። ያው የአምባ ዘጠኝ ልጅ ነው፤ በጀርባዋ ያዘለችው፣ ንፍጡን የጠረገችለት። "ስሕተት ተፈጥሯል፣ እትዬ። እያጣራን ነው" ይላታል አንገቱን ሰበር አድርጎ። ጠላ ቢሆን እስካሁን ተጣርቶ፣ ተጠጥቶ፣ አተላውም ለከብት ተደፍቶ ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች ደግሞ አንድ ላይ የተማከሩ ይመስል አላየንም እንዳሉ ናቸው። ዝም አይነቅዝም ብለው ይሆናል። እታለም የቆለፈው ስለሺ መሆኑን አንጀቷ ነግሯታል፤ አንጀት ግን ምስክር ሆኖ አይቆምም።

በየካቲት ወሬ መጣ። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ፤ የታካሚዎችና የአስታማሚዎች የምክክር መድረክ ይደረጋል፤ አገልግሎቱ በምን ይሻሻል ተብለው ይጠየቃሉ። እታለም ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ጋሽ ሞላ ቤት ሄደች።

ጋሽ ሞላ የአምባው ሽማግሌ ነው፤ ከዚያም በላይ የስለሺ አባት ነው። ሰፋሪዎቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው ሲመጡ ብዙ ነገር ጥለው መጥተዋል፤ አውጫጭኝን ግን አልጣሉም። ከብት ሲሰረቅ መንደሩ አንድ ግቢ ይሰበሰባል፣ በሩ ይዘጋል። ሌባው ሳይወጣ ቤቱ የሚገባ የለም። ሰው ሁሉ በየተራ ወደ ዳኛው ጆሮ ጠጋ ብሎ የሚያውቀውን ይናገራል። ዳኛው የተናገረውን ሰው ስም ለነፍስ አባቱም አያወጣም፤ "ወፍ ነገረችኝ" ብቻ ይላል። የአምባ ዘጠኝ ዳኛ ጋሽ ሞላ ነው።

"ጋሽ ሞላ፣ በሬ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጣሉ" አለችው። "የእኔ ልጅ ቀን ሙሉ ጠፍታ ውላለች። ከበሬ ታንሳለች?"

"አታንስም። ግን እዚያ የሚሠራው ልጄ መሆኑን ታውቂያለሽ።"

"አውቄ ነው የመጣሁ። ሰው ስሙን እያነሣ ነው። ንጹሕ ከሆነ በእርስዎ አፍ ይንጻ።"

ሽማግሌው ቆጣ ብሎ ከመደቡ ተነሣ። "የእኔ ልጅ በሰው ላይ በር አይቆልፍም! እቀመጣለሁ። እንዲያውም ቢወጣበት፣ ፍርዱን የማስፈጽመው እኔው ነኝ" አለ።

እታለም እጅ ነሥታ ወጣች። መንገድ ላይ ስትደርስ ሳታስበው ፈገግ አለች። ከተመኘችው መሣሪያ ሁሉ የተሻለውን አግኝታለች፤ ልጁን በአባቱ እጅ። ባሏ ሲሞት መቃብር የቆፈረላት ይህ ሽማግሌ ነው። አዘነችለት ወይ? አዝናለች። ተወችው ወይ? አልተወችውም።

በመድረኩ ቀን ኸድራ በጆንያ ሰንሰለት ይዛ መጣች። ሙንታሲር ሕመሙ በጠናበት ዘመን ከቤት እየወጣ ወደ ኩርሙክ በረሃ ሲጠፋባቸው፣ ከቤቱ ምሰሶ ጋር ያስሩት የነበረው ሰንሰለት ነው። ከተሻለው በኋላ ወንዝ ልትጥለው ስትል እታለም ናት "ይቆይ፣ ሥራ አለው" ያለቻት። ኸድራ ጆንያውን ከፈት አድርጋ አሳየቻት። "ይሄ ወንድሜን በላ። ዛሬ በር ይብላ" አለች። ፍሬሕይወትንም ያመጣቻት ኸድራ ናት። የበሩን መመታት የሰማች እሷ ስለሆነች ፍሬሕይወት እሷን ታምናለች። "ግቢ አትገባም። አጥር ውጭ ብቻ ቁጭ በል" ብላ ለመነቻት። ልጅቷ ከቀርከሃው አጥር ውጭ፣ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ተቀመጠች።

አዳራሹ ስለጠበበ ስብሰባው ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ሆነ። ባነር ተሰቅሏል፣ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ስለሺ የተተኮሰ ነጭ ጋዋን ለብሶ ስለ ተገልጋይ እርካታ ተናገረ። ከበላይ የመጣችው ኃላፊ ኢንዓም ትባላለች፤ የአሶሳ ልጅ ናት፣ ገና ወጣት። "ሳትፈሩ ተናገሩ" አለች። ሰዉም ጀመረ። አንዱ ወንበር ይጨመር አለ። አንዷ መርፌው ሲያልቅ ቀድሞ ይነገረን፣ ከመንጌ ድረስ በከንቱ አንምጣ አለች። አንድ አባት "ስማችን እያለ 'እብዶች በዚህ በኩል' አትበሉን" ሲል ጭብጨባ ሆነ። ስለሺ እያንዳንዱን ራሱን እየነቀነቀ "ጥሩ ግብዓት ነው" ይላል።

እታለም ተነሣች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፤ ቅቤ ያጣው ጸጉሯ እንደ ደረቀ ሣር ቆሟል። "እኔ ግብዓት የለኝም። ጥያቄ ነው ያለኝ። በሐምሌ ልጄን ዕቃ ቤት የቆለፈባት ማን ነው?"

ስለሺ ወደ እንግዶቹ አየት አደረገ። "እትዬ እታለም፣ ይህ ጉዳይ በመጣራት ላይ ያለ ..."

"ዛሬ ተጣርቶ ያልቃል" አለችውና ወደ ኸድራ ዞረች። ኸድራ ሰንሰለቱን በግቢው በር አጠላልፋ ቆለፈችውና ቁልፉን አምጥታ ለጋሽ ሞላ ሰጠችው። ሽማግሌው ማንጎው ሥር ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠ፣ ምርኩዙን በጉልበቶቹ መካከል ተከለ።

"አውጫጭኝ ነው" አለ። "ሳይወጣ የሚወጣ የለም።"

"ይሄ እገታ ነው! ሕገ ወጥ ነው!" ስለሺ ብድግ አለ። "አባባ፣ እነዚህ የመንግሥት እንግዶች ናቸው። ምሳ ተዘጋጅቶላቸዋል።"

"ምሳው ይቆያል። ልጅቷም ምሳ ሳትበላ ነው የዋለችው። ተቀመጥ።"

ስለሺ ወደ ኢንዓም ዞረ፣ እንድትቆጣለት ነው። ኢንዓም ግን ውጭ ጥሩምባ ለሚነፋው ሾፌሯ በስልክ "ጠብቅ" ብላ ደብተሯን አጥፋ አስቀመጠች። "ሳትፈሩ ተናገሩ ያልኩት እኔ ነኝ" አለች። "ማን እንደቆለፈ እኔም ማወቅ አለብኝ።" ስለሺ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ጋሽ ሞላ አስማለ። "አይቶ አላየሁም ያለ፣ ሰምቶ አልሰማሁም ያለ፣ ቤቱ ይዘጋ!" ክርስቲያኑም "አሜን"፣ ሙስሊሙም "አሚን" አለ። ሰዉ በየተራ እየተነሣ ወደ ጆሮው ጠጋ ይል ጀመር፤ ካርድ ክፍል፣ መርፌ የሚወጉት፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ አስታማሚዎች፣ ኢንዓምም ሳትቀር። ስለሺም ሄዶ በአባቱ ጆሮ አንድ ነገር ብሎ ተመለሰ። ሽማግሌው ሁሉንም ሰማና ራሱን ነቀነቀ። "ወፏ አልመጣችም። እንደገና ከመጀመሪያው" አለ። ጥላው ዞረ፣ ሙቀቱ በረታ፣ የታሸገው ውሃ አለቀ። አንዷ ነርስ ልጄን ከትምህርት ቤት ላወጣ ነው ብላ ለመነች። እታለም በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ አየቻት። አንድ ሰው ሳይፈልግ በተዘጋበት ቦታ ሲውል ፊቱ ምን እንደሚመስል ቁጭ ብላ ታይ ነበር፤ ደስ አላት፣ ደስ ማለቱንም አልደበቀችም።

በሁለተኛው ዙር ዐብዱልቃድር ተነሣ። ከሽማግሌው ጆሮ ቶሎ አልተላቀቀም። ከእሱ ኋላ ሌሎችም ሄዱ፤ አሁን እነሱም ቆይታቸው ረዘም ይላል። አንዱ ሲፈታ ሌላውም ተፈታ። የመጨረሻው ሰው ከተመለሰ በኋላ ጋሽ ሞላ ዓይኑን ምርኩዙ ላይ ተክሎ ቆየ። ቤቱ ይዘጋ ብሎ የረገመ እሱ ራሱ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ቤት ማለት ይህ አንድ ልጁ ነው። እታለም ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ልጄን ልሸፍን ብሎ "ወፏ አልመጣችም" ካለ፣ ሁሉ ነገር አበቃ።

"ወፏ መጣች" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሰልሎ። "ቁልፉ በስለሺ ኪስ ነበር አለች። በልጄ ኪስ።"

ግቢው አጉረመረመ። ስለሺ "ውሸት ነው" ሊል ጀመረና አባቱን አየ። ተወው።

"ያን ቀን እንግዶች ነበሩ" አለ፤ "ልጅቷ ትጮህ ነበር። ክፍሉን እያስጎበኘሁ ስለነበር ... ለአፍታ ነው ብዬ ነው። ለአፍታ ዞር ትበል ብዬ። ከዚያ እንግዶቹን ምሳ ይዘን ሄድን። እዚያው ዋልን። እኔ ..." የጋዋኑን እጅጌ ሳበ። "ረሳኋት።"

እታለም ይጠላን ነበር ቢል ትችለው ነበር። ፈራኋት ቢልም ትችለው ነበር። ረሳኋት ሲል ግን ደሟ ወደ ራሷ ወጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይህኛው ግን እየወጋ እያለ ነው የረሳው። "ጃንጥላህን ረሳህ? መሐረብህን ረሳህ? ሰው እኮ ናት!" ብላ ጮኸችበት። "አንተ ምሳህን ሥጋ ስትቆርጥ የልጄ ጥፍር ይነቀል ነበር! ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ደጅህ መጣሁ፤ እንደማታውቅ ሆነህ እትዬ አልከኝ!" ከዚያ ወደ አጥሩ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ፍሬ! ሰማሽ ልጄ? ሰማሽ?"

ከአጥሩ ውጭ መልስ አልመጣም።

ጋሽ ሞላ ተነሣ። "ወጥቶበታል። ካሳሽን ጥሪ" አላት።

እታለም ካሳዋን ካዘጋጀች ቆይታለች፤ ቅቤ ባጣች ቁጥር፣ ሌሊት በተገላበጠች ቁጥር ስታበስለው ኖራለች። "እዚያው ይግባ" አለች። "እዚያው ዕቃ ቤት፣ እዚያው ፍራሽ ላይ። ይቆለፍበት። እኛም ምሳችንን በልተን እስክንመለስ ይቆይ። እንዳይከፋው፣ ለአፍታ ነው።"

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ "ኧረ ተይ" አለ። ኢንዓም ልትናገር ተነሣች። ስለሺ ፊቱ አመድ ሆነ፤ ዓይኑ ሳያውቀው ወደ ጓሮው ሄደ። አባቱ ግን ቃሉን አልበላም። ልጁን ክንዱን ይዞ አስነሣው። እታለም ከፊት ከፊት ሄዳ የላሜራውን በር በረገደችው። የሻጋታው ሽታ ወጣ። ስለሺ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ መቃኑን ያዘ።

"እማ።"

ድምፁ ከአጥሩ ነው። እታለም ባለችበት ደረቀች። ከሐምሌ ወዲህ ያን ቃል ከዚያ አፍ አልሰማችውም። ፍሬሕይወት ተነሥታ ፊቷን በሁለት ቀርከሃ መካከል አስጠግታለች፤ አንድ ዓይኗና ቢጫ ሻርፗ ይታያል።

"የተቆለፈብኝ እኔ ነኝ" አለች። "ሁላችሁም ተጠያየቃችሁ። እኔን የጠየቀኝ አለ?"

የጠየቃት አልነበረም።

"እሱ ሲገባበት እኔ ምን አገኛለሁ? እሱ ይወጣል፣ በሩ እዚያው ይቆያል። ነገ ሌላ እንግዳ ይመጣል፣ ሌላ የምትጮህ ትገኛለች። እኔ ያንን በር ዳግመኛ እዚህ ማየት አልፈልግም። ነቅሎ በራሱ ጀርባ ቤታችን ድረስ ያምጣልኝ። በመኪና እንዳይሆን። በገበያው መሐል ይለፍ፤ ሰው ምንድነው ብሎ ሲጠይቀው እሱ ራሱ ይንገራቸው።"

እታለም በአንድ ወገን ልጇ በመናገሯ ወደ አጥሩ ልትሮጥ ቃጥቷት ነበር፤ በሌላ ወገን ያን ያህል ስታበስለው የኖረችው ካሳ ከእጇ ሲነጠቅ ተናደደች። ሰውዬው ደፉ ላይ ደርሶላት ነበር እኮ! ጋሽ ሞላ ግን ወደ አጥሩ ራሱን ዝቅ አድርጎ "ባለ ካሳዋ አንቺ ነሽ" አለና ልጁን "በል ንቀል" አለው።

ስለሺ ጋዋኑን አውልቆ ማጠፊያውን በመፍቻ ፈታ። በሩን ሲያነሣው ተንገዳገደ። አንድ ጎረምሳ ሊያግዘው ሲጠጋ ሽማግሌው ምርኩዙን አጋደመበት። ሰንሰለቱ ተፈታ፣ ሰዉ ወጣ። ፍሬሕይወት ከፊት፣ እታለም ተከትላ፣ ስለሺ በሩን በጀርባው ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ፣ አባቱ ከኋላ። ገበያው ሲደርሱ ነጋዴዎች ከየሱቃቸው ወጡ። "ዶክተር፣ በር ሸመትክ ወይስ ልትሸጥ ነው?" አለው አንድ ቡና ነጋዴ። ስለሺ ዝም ብሎ ሊያልፍ ሲል ከኋላው የምርኩዝ ድምፅ ሰማ። "ሰው ቆልፌበት ነው" አለ ቀስ ብሎ። "አልተሰማም" አለ አባቱ። ደገመው። ነጋዴው ሳቁ ጠፋና ከመንገዱ ገለል አለለት። ከዚያ በኋላ ስለሺ በየደረሰበት ያንኑ አለ፣ የሳቀም አልነበረም።

አምባ ዘጠኝ ሲደርሱ ፀሐይ አጋድላለች። ስለሺ በሩን ከእታለም አጥር ደጃፍ አሳረፈና አጠገቡ ተዘረፈጠ። ሸሚዙ ከገላው ተጣብቋል፣ ትከሻው ተልጧል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። ጋሽ ሞላ ፈንጠር ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እሱም ደክሞታል።

"እትዬ፣ ውሃ ..." አለ ስለሺ።

እታለም አጥሩ ላይ ቆማ ቁልቁል አየችው። "ቆይ" አለችው። "ለአፍታ ነው።"

ገባችና ከጎታው ጋር ተደግፋ ተቀመጠች። ከውጭ ያስላል። እሷ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። አሁንም ያስላል። ወሎዬ ሆኖ ውሃ የለመነን ሰው መከልከል እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ ታውቃለች፤ እናቷ ቢኖሩ በጥፊ ይሏት ነበር። በመጨረሻ ሆዷ አልችል አላትና ከእንስራው በጣሳ ቀድታ ወደ ደጅ ወጣች።

ፍሬሕይወት ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ክንዷን ያዝ አደረገቻት። "ገና ነው፣ እማ" አለቻት።

ጣሳውንም ከእናቷ እጅ ተቀበለች። ከሐምሌ ወዲህ ከዚያ እጅ ምንም ተቀብላ አታውቅም። ስለሺ ፊት ቆማ፣ እያየችው፣ በእርጋታ ጠጣች፤ አንዴ ጎንጨት ብላ ተነፈሰች፣ እንደገና ጎንጨት አለች፣ ጣሳውን እስከ ታች ጨለጠችው። የስለሺ ጉሮሮ ከእሷ ጉሮሮ ጋር ይወጣል ይወርዳል። እታለም ያን ጊዜ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሰዉ ሁሉ ደብዝዞ ታያት።

ፍሬሕይወት ባዶውን ጣሳ ለእናቷ መለሰችላት። "አሁን ቅጂለት" አለች። እታለም ቀድታ ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀበለ።

"ማክሰኞ ለመርፌዬ እመጣለሁ" አለችው ልጅቷ። "እናቴም አብራኝ ትገባለች።"

ስለሺ ደንቡን ሊናገር አፉን ከፈተ። በሩን አየ፣ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን አባቱን አየ፤ ከዚያ ጣሳውን ወደ አፉ አስጠግቶ ውሃውን ጠጣበት።